ለአውድማ የሚሆን ሞተር

አክስቴ ከጅዳ የድምፅ መልእክት ላከችልኝ። የእናቴ ታናሽ ናት፤ ሰው ቤት ልትሠራ የሄደችው እኔ ገና ፊደል ሳልቆጥር ነው። ከኋላዋ የሆነ ሕፃን ያለቅሳል፣ ሳህን ይንኳኳል፣ እሷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ትናገራለች።

«ሀቢብቲ፣ ኢንሻአላህ ልመጣ ነው። ላንቺ ቀሚስ አልገዛም፤ ቀሚስ ከሚሴም አለ። ያንን ለአውሮፕላንሽ የምትፈልጊውን ሞተር ምረጪና ንገሪኝ። አንድ ብቻ ነው የምችለው። ዕረፍት የምወጣው አርብ ነው፤ እስከዚያ ወስኚ።»

መጀመሪያ ስሰማው ከተቀመጥኩበት ዘለልኩ። መልሼ ስሰማው «አንድ ብቻ» የሚለው ጆሮዬ ውስጥ ቀረ። አክስቴ የምትመጣው በስንት ዓመት አንዴ ነው። ከሚሴ ላይ የባጃጅ መለዋወጫ በየበሩ ይሸጣል፤ የእንደዚህ ዓይነት አውሮፕላን ሞተር የሚሸጥ ግን እኛም ጋ የለም፣ ደሴም የለም። ስለዚህ የማይሆነውን ከመረጥኩ አውሮፕላኔ እንደተሠራ ከጣሪያው ወራጅ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል ማለት ነው፤ እንደ ጌጥ። እኔ ደግሞ ጌጥ አልሠራሁም።

አውሮፕላኑ ሪሞት የለውም። ያየው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ሪሞቱስ?» ብሎ ስለሆነ እኔም ከዚያ ልጀምር። ከግራ ክንፉ ጫፍ ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች ይወጡና እኔ ከምይዘው የእንጨት እጀታ ጋር ይታሰራሉ። እኔ መሐል እቆማለሁ፣ እሱ ዙሪያዬን ይበራል። እጄን ወደ ላይ ሳዘነብል ጭራው ላይ ያለው ክፍል ይነሳና አፍንጫው ወደ ሰማይ ይቀናል፤ ዝቅ ሳደርገው ይወርዳል። የሚችሉት ሰዎች እንደዚያ እያደረጉ አየር ላይ ክብ ያሠሩታል፣ ጀርባውን ወደ መሬት አድርገው ያበርሩታል። ስልክ ላይ ያየሁት ሰውዬ ሽማግሌ ነበር፤ ሜዳ መሐል ቆሞ ከእጁ በቀር ምኑም አይንቀሳቀስም፣ አውሮፕላኑ ግን ከላዩ ላይ ይጨፍራል። የዚህ ነገር ምስጢሩ መጎተቱ ነው። አውሮፕላኑ ወደ ውጭ እየሸሸ፣ አንቺ እየያዝሽው፣ ሽቦው እንደ ክራር ጅማት ተወጥሮ መቆየት አለበት። ሽቦው ከላላ እጀታው ተራ ዱላ ነው።

ክንፉን የሠራሁት ፍሪጅ ተጠቅልሎ ከሚመጣበት ነጭ ፎም ነው። አጥንቱ ቀርከሃ ነው፤ አንዳንድ ቦታ ደግሞ የማሽላ አገዳ ልጬ ውስጡን ከትቼበታለሁ፣ ቀላልና ጠንካራ ስለሆነ። ጎማዎቹ የፕላስቲክ ጠርሙስ ክዳን ናቸው። ሞተር ስላልነበረው ግን ረጅም ዘንግ ጫፍ ላይ አስሬ እየጎተትኩ ነበር የማበርረው፤ ክንዴ እስኪዝል፣ መሬቱ እስኪዞርብኝ። ባጃጅ የሚነዳው ታላቅ ወንድሜ በዚያ ሲያልፍ ካየኝ ሳይናገር አያልፍም። «ፓይለት፣ ነዳጁም አንቺው ነሽ እንዴ?» ይለኛል።

ምርጫው ሁለት ነበር። አንደኛው ነዳጅ የሚያቃጥል ሞተር ነው። ከዶሮ እንቁላል ትንሽ ቢበልጥ ነው፤ ጩኸቱ ግን ሰፈር ያስነሳል። ቤንዚን አይጠቀምም፤ ሜታኖል የሚባል የአልኮል ዓይነት ከጉሎ ዘይት ጋር ተቀላቅሎ ነው የሚሰጠው። ሁለተኛው በባትሪ የሚዞር ነው። ድምፁ እንደ ንብ ነው፣ ንጹሕ ነው፣ ክር መጎተት የለ፣ መቀስቀስ የለ። ባትሪው ግን ይከብዳል፤ የሚሞላው ደግሞ መብራት ሲኖር ነው። የኛ መብራት እንደ እንግዳ ነው፤ ሲመጣ እሰየው፣ ሲሄድ ለምን ሄድክ አይባልም።

ጉሎ የሚለውን ሳነብ ሳቄ መጣ። ጉሎ ከአጥራችን ሥር ማንም ሳይተክለው ይበቅላል፤ ፍየል እንኳ አልፎት ነው የሚሄድ። ውጭ አገር ያሉ ሰዎች ለሞተራቸው ከሁሉ የሚሻለው ይሄ ዘይት ነው እያሉ ገጽ ሙሉ ይጽፉለታል። ስንት ዘመን ያለፍነው ቁጥቋጦ ለካ ዘመድ ነበረው።

ወንድሜ ስለ ነዳጁ ሞተር ከሰማ በኋላ ሌላውን ሊሰማ አልፈለገም። እሱ የባጃጅ ሕመም በጆሮው ነው የሚያውቀው፤ ቆሞ ያዳምጥና «ይሄ አየር አንሶታል» ይላል፣ ደግሞም አይሳሳትም። ድምፅ የሌለው ሞተር ጨው እንደሌለው ወጥ ነው አለኝ። ሜታኖሉን ከአዲስ አበባ የሚያመጣለት ሾፌር እንዳለ፣ ጉሎውን እኛው ለቅመን እንደምንጨምቀው፣ ሞተሩን ሲያስቸግረኝ እሱ እንደሚያስተካክልልኝ ነገረኝ። ቀልድ መስሎኝ ነበር፤ በማግስቱ ግን አጥሩ ሥር ጎንበስ ብሎ የጉሎ ፍሬ ሲለቅም አገኘሁት።

እናቴ ጓዳ ሆና ከዚህ ሁሉ ወሬ አልኮል የሚለውን ብቻ ለይታ ሰማች። አስተግፊሩላህ እያለች ወጣች። ወንድሜ ሊያጽናናት ብሎ፣ «እማ፣ የሚጠጣ እኮ አይደለም፤ የጠጣው ሰው ዓይኑ ነው የሚጠፋው» አላት። ይሄን ስትሰማ ይባስ አለች። ሐራም መሆኑ ቀርቶ አሁን መርዝ ሆነ። እኛ ቤት ውስጥ ሕፃን እንደሚመጣ፣ ጎረቤት ውሃ መስሎት እንደሚቀዳ ሁሉ ዘረዘረችና፣ ከቤቴ ደጃፍ አያልፍም፣ ከፈለገ ካንተ ጋር ባጃጅህ ውስጥ ይደር ብላ ዘጋችው። ወንድሜ ግን በዚህም አልተከፋም፤ ባጃጁ ውስጥ ቦታ አለኝ ነው ያለው።

እኔም የፈለግኩት የነዳጁን ነበር። ለምን እንደሆነ ደብቄ አላውቅም። ሴት ልጅ ሜዳ መሐል ቆማ ስትሽከረከር ያየ ሰው ይስቃል፤ ብዙዎቹ ስቀውብኛል። ያ ሞተር ሲጮህ ግን የሚስቅ የለም። አስፋልቱ ላይ ያለው ሚኒባስ ሳይቀር ዞሮ ያየኛል ብዬ አስብ ነበር። እንዲሰሙኝ ነበር የምፈልገው።

ግን ፍላጎት ብቻውን አንዴ ለሚመረጥ ነገር አይበቃም ብዬ ሚዛን ፈለግኩ። የሁለቱም ክብደት ኢንተርኔት ላይ ተጽፏል። ገበያ ወርጄ ቅመም የምትሸጥ አንዲት ሴትዮ ሚዛኗን እንድታውሰኝ ለመንኩና ሁለት ትንንሽ ፌስታል አሸዋ መዘንኩ፤ አንዱን በነዳጁ ሞተርና በሙሉ ታንኩ ልክ፣ አንዱን በባትሪው ሞተርና በባትሪው ልክ። ሴትዮዋ አሸዋውን አየችና ይሄ የምን ቅመም ነው አለችኝ። የአውሮፕላን አልኳት። አላህ ይርዳሽ አለችና ወደ ደንበኛዋ ዞረች፤ ፈገግ እንኳ አላለችም።

ቤት ተመልሼ ፌስታሎቹን በየተራ አፍንጫው ላይ አሰርኩና በዘንጉ አበረርኩት። የነዳጁ ልክ ያለበት ቀልጠፍ አለ፤ እጄን ላነሳ ገና ሳስብ ይነሳል። የባትሪው ልክ ያለበት ደግሞ እንደ ጠገበ በሬ ቀስ ብሎ ነው የሚዞረው። የፈለግኩት መልስ ስለነበር ደስ አለኝ፤ የፈለግኩት መልስ ስለሆነም ተጠራጠርኩት። ተቀምጬ ሳስበው አንድ ነገር ገባኝ። ነዳጅ ይቃጠላል፤ ስለዚህ አውሮፕላኑ ሲነሳና ሲያርፍ ክብደቱ አንድ አይደለም፣ እጅ ደግሞ በየዙሩ እንደ አዲስ መልመድ አለበት። ባትሪ ግን ቢሞላም ባዶ ቢሆንም ያው ነው። ከብዶ ይጀምራል፣ ከብዶ ይጨርሳል፤ ቢያንስ አይዋሽም። ያም ሆኖ ሐሙስ ጧት ስነሳ ልቤ ያለው ነዳጁ ላይ ነበር።

አሁን ስለ ቦታው ልናገር። እንዲህ ያለ አውሮፕላን ጠጠር የሌለበት፣ ለጥ ያለ ክብ መሬት ይፈልጋል፤ ጎማው የጠርሙስ ክዳን ከሆነ ደግሞ የበለጠ። ኳስ ሜዳው የኳስ ተጫዋቾች ነው፤ የትምህርት ቤቱ ግቢ ድንጋይ ነው። ከከተማው ወጣ ብለው የሚያርሱት አያቴ፣ የአባቴ አባት፣ አንድ ቀን ድንጋያማው ማሳ ዳር በዘንጉ ስጎትት አይተውኝ ኖሮ «ኮቱ፣ ኢንተላ» ብለው ጠሩኝ፤ ነይ አንቺ ልጅ ማለታቸው ነው። እጄን ይዘው ጉብታው ላይ ወዳለው አውድማ ወሰዱኝ።

አውድማውን ስንት ዓመት ሳየው ኖሬ አይቼው አላውቅም ነበር። ከሁለት ጎረቤቶቻቸው ጋር ስለሚጋሩት ሰፊ ነው፤ ጠፍጥፈው በእበት ስለለቀለቁት እንደ ሲሚንቶ ይደርቃል፤ ክብ ነው፣ ንጹሕ ነው። የጤፉ ውቂያ አልቆ የማሽላው እስኪጀመር ባዶውን ይቆያል። ይሆንሻል ወይ አሉኝ። እንዴት አይሆነኝም። ከጎረቤቶቹ አንደኛው ግን ቅር ብሎት ነበር። እህል የሚወድቅበት ነው፣ ጫማ እንኳ አውልቀን ነው የምንገባበት፣ ነገ ከዚያ ላይ የሚታፈሰውን ነው ልጆቻችን የሚበሉት አለ። እውነቱን ነው። አያቴ ብዙ አልተከራከሩም። «በኔ ይሁን» አሉ። እኛ ዘንድ ሽማግሌ በኔ ይሁን ካለ ጥፋቱም በሱ ነው፤ ከዚያ በኋላ ሌላ ሰው አይናገርም።

የዚያን ሐሙስ ወንድሜ በባጃጁ ወደ አያቴ ዘንድ ወሰደኝ፤ ሽቦውን በአውድማው ስፋት ልክ ልቆርጥ ነበር። ባጃጁን አውድማው ጠርዝ ላይ አቆመው። ሽቦውን ለክተን ጨርሰን ሲያንቀሳቅሰው ከሥሩ መዳፍ የማታክል ጥቁር ዘይት ጠብ ብላ ቀርታ ነበር።

አያቴ አዩዋት። ቤት ገብተው ቢላ ይዘው መጡና ቁጢጥ ብለው ፋቋት። ጥቁሩ ካለቀ በኋላም ፋቁ። አፈሩን በእጃቸው ሰብስበው ከአጥሩ ውጭ ወስደው ጣሉት፤ ትኩስ እበት በገል ይዘው ተመልሰው ቦታዋን በመዳፋቸው ለቀለቋት። ከዚያ ዶሮ እንዳይረግጣት ብለው አጠገቧ ተቀመጡ። ወንድሜ አፉ ተሳስሮ ይቅርታ ሲላቸው «አብሽር፣ ልጄ» አሉት፣ ፊታቸው ላይ ቁጣ የሚባል ነገር የለም። ግን እስክትደርቅ ድረስ አልተነሱም።

እኔ ያቺን እርጥብ ቦታ አይቼ ዓይኔን ማንሳት አቃተኝ። ቪዲዮው ላይ ያለው ሽማግሌ በረራውን ሲጨርስ ሁልጊዜ አንድ ነገር ያደርጋል፤ ጨርቅ አውጥቶ አውሮፕላኑን ይጠርጋል። ሞተሩ በየዙሩ የጉሎ ዘይት ስለሚተፋ ነው። ክንፉ ላይ የሚያርፈው ጥቂቱ ነው፤ ሌላው ሣሩ ላይ ነው የሚወርደው። እኔ ጋ ደግሞ ሣር የለም። ዙሪያውን ሙሉ፣ በየዙሩ፣ ፍየል የማይቀምሰው ዘይት ማሽላው በሚወድቅበት ላይ ሲርከፈከፍ ታየኝ። አያቴ ያንን በቢላ ፍቀው ይጨርሱት ይሆን? ጎረቤታቸውም ያኔ አይጮኽም። አብሽሩ ነው የሚላቸው። እሱ ነው የከበደኝ።

ከጭዱ ክምር ጀርባ ሄድኩና ስልኬን አፌ ላይ አድርጌ ለአክስቴ ተናገርኩ። ባትሪ ያለውን አልኳት። ድምፄ እንደሚሰናበት ሰው ሆኖብኝ ነበር፤ በኋላ ስታጫውተኝ ያለቀስሽ መስሎኝ ነበር ብላኛለች።

ወንድሜ ያልኳትን ሰምቶኛል፤ ባጃጁን አስነስቶ ወደ ከተማው መለሰኝ። መናኸሪያው ጋ ስንደርስ ፍጥነቱን ቀነሰና በመስታወቱ አየኝ።

«ያኛው ቢሆን እስከ ሰንበቴ ድረስ የገበያው ግመል ሳይቀር ይሰማሽ ነበር» አለ።

«አውቃለሁ» አልኩት።

አክስቴ ስትመጣ ቤታችን ሰው ሞላው። የኔን ነገር ከሻንጣ አልነበረም ያወጣችው፤ ከእጅ ቦርሳዋ ነው። ባትሪው ሻንጣ ውስጥ አይጫንም ስላሏት መንገዱን ሁሉ ጭኗ ላይ ይዛው መጥታለች። ሱቁ ውስጥ ሰውዬው ለወንድ ልጅሽ ነው ወይ ብሎ እንደጠየቃት፣ ለእህቴ ሴት ልጅ ነው ስትለው የመረጠችው ማን እንደሆነ ደግሞ እንደጠየቃት አወራችልን። ራሷ ናት አልኩት አለች፤ ይህንን ስትል ለቤቱ ሰው ሁሉ እንዲሰማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ነበር። ሞተሩ ከጠበቅኩት ያነሰ ነው፤ ከሱ ጋር ደግሞ ጊዜው ሲደርስ በራሱ የሚያጠፋው ትንሽ መቆጣጠሪያ አለ። አስሬ፣ ጠምጄ ጨረስኩ። ከዚያ መብራት ጠፋ።

ባዶ ባትሪ ይዤ ተቀመጥኩ። የማሽላው አገዳ እየተቆረጠ ነው፤ አውድማው ለሰዎቹ የሚመለስበት ቀን ቀርቧል። በሁለተኛው ቀን ወንድሜ ገባና ባትሪ መሙያውን ከፊቴ አንስቶ ወጣ። ተከትዬው ስወጣ የመሙያውን ሁለት ሽቦ ከባጃጁ ባትሪ ጋር አያይዞ፣ ወንበሩ ላይ ተጋድሞ ይጠብቃል። ይሄ ድምፅ የሌለው ነገርሽ አሁንም በኔ ነው የሚኖረው አለኝ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ያበረርነው ከሰዓት በኋላ፣ ዓስር ሶላት እንዳለቀ ነው። አክስቴ መጣች፣ አያቴ አሉ፣ አውሮፕላኑን ይዞ የሚለቅልኝ ወንድሜ ነው። ቢስሚላህ ብዬ እጀታውን ያዝኩ። ለቀቀው። አውድማው ላይ ትንሽ ተንከባለለና ተነሳ። ንብ የሚመስለው ድምፅ ዙሪያዬን ጀመረ፤ ሽቦው እጄን ሳበኝ፤ ልቤም ወደሚስበኝ ሄደ። ግማሽ ዙር እንደሄደ ግን ነገሩ ተለወጠ። በምሥራቅ በኩል ሲያልፍ ሽቦው ረገበ። አውሮፕላኑ ወደ ውጭ መሸሹን ትቶ ወደኔ መንሳፈፍ ጀመረ። ወደ ኋላ ሮጬ አጠበቅኩት፤ በምዕራብ በኩል ደግሞ እጄን ሊነቅል ደረሰ። ዞሮ ምሥራቅ ሲደርስ እንደገና ረገበ። በሚቀጥለው ዙር ሮጬም አልደረስኩበት፤ ከራሴ በላይ አለፈና ጭዱ ክምር ውስጥ ተሰካ። ከሽቦው ጋር የተያያዘው ክንፍ ጫፉ ተሰበረ።

ወንድሜ ሄዶ ሞተሩን አጠፋው፣ ጭዱንም ከላዩ እያራገፈ አመጣልኝ። ያኛው ይሻል ነበር ቢለኝ ይቀለኝ ነበር። አላለም። አቅም የለውም ብሎ እንዳሰበ ግን አወቅኩ፤ እኔም እንደዚያ ነበር ያሰብኩት። አክስቴ ከዚያ ድረስ ጭኗ ላይ ይዛ ያመጣችው ነገር አውሮፕላን የማይሸከም ከሆነ፣ ሌላው ደግሞ መቼ ይመጣል? እሷ ራሷ እንደገና መቼ ትመጣለች?

ጭዱ ጥግ ተቀመጥኩና ከቀሚሴ ላይ ገለባ ለቀምኩ። ያኔ ነው ያየሁት። ገለባው ያለው በምዕራብ በኩል ብቻ ነው። ክምሩም፣ ብናኙም፣ አጥሩ ላይ የተለጠፈውም እዚያው ነው። በምሥራቅ በኩል አንድ ሰበዝ የለም፤ የተጠረገ ይመስላል። ቀና ብዬ አያቴን ጠየቅኳቸው፤ አውድማውን ለምን ታች ቤቶቹ ጋ ሳይሆን ጉብታው ላይ አደረጋችሁት አልኳቸው።

«ለነፋሱ ነዋ» አሉ። «ከሰዓት በኋላ በአፋር በኩል ይነሳል። እህሉን በላይዳ ወደ ላይ ስንበትነው ገለባውን ይዞልን ይሄዳል።» ከዚያ ፊቴን አይተው ቆም አሉ። «እንዴ፣ አውሮፕላን ነፋስ አይፈልግም እንዴ? እኔ እኮ ታች ያለው የጎረቤቴ ደጅ ይቀርብሽ ነበር፤ ነፋስ የለውም ብዬ ነው ወደዚህ ያመጣሁሽ።»

መጀመሪያ የሳቅኩት እኔ ነኝ። እኔ መሬቱን አይቼ አየሩን አላየሁም፤ የገበሬ የልጅ ልጅ ሆኜ፣ አውድማ ማለት ነፋስ የተመረጠለት ቦታ መሆኑን ስሰማ አድጌ፣ የረጋ አየር ብቻ የሚፈልግ አውሮፕላን ይዤ ነፋሱ አፍ ውስጥ ገባሁ። እሳቸው ደግሞ የሚበር ነገር ሁሉ ነፋስ ይወዳል ብለው ከወረዳው ሁሉ ይበልጥ የሚነፍስበትን ቦታ፣ ጎረቤት ተለማምጠው ሰጡኝ። ቀስ ብዬ ሳስረዳቸው፣ ነፋሱ ከምሥራቅ ሲመጣ በዚያ በኩል ያለውን አውሮፕላን ወደኔ እንደሚገፋው በእጄ ሳሳያቸው፣ ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ ሳቁ። ወንድሜም ክንፉን በእጁ እንደያዘ ሳቀ። የሞተሩ ጥፋት አልነበረም። የዚያን ጊዜ እፎይታዬን መናገር አልችልም፤ የሰው ጥፋት ይስተካከላል፣ አንድ ብቻ የሆነ ሞተር ግን አይለወጥም።

መፍትሔውም እዚያው ነበር። በሬ የሚነዳው፣ እህሉ የሚረገጠው ጧት ነው፤ ገለባ የሚለየው ነፋሱ ሲነሳ ነው። ስለዚህ ጧት ነፋስ የለም ማለት ነው፤ የማሽላው ውቂያ እስኪጀመር ጧቱ የኔ ነው።

ክንፉን በሙጫና በቀርከሃ ስንጥር ጠገንኩት። ከሱብሂ ሶላት በኋላ ሄድን። ከታች ካሉት ቤቶች የሚወጣው ጭስ እንደ ተተከለ ምሰሶ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ወንድሜ ለቀቀው። ተንከባለለ፣ ተነሳ፣ ምሥራቅን አለፈ፤ ሽቦው አልላላም። እንደገና አለፈ፤ አልላላም። እጄን እንደያዘኝ ሰው አንድ ዓይነት አያያዝ ያዘኝ፤ አያጠብቅም፣ አይለቅም። የባትሪው ክብደት ያኔ ነው የገባኝ። በዘንግ ስጎትተው ያከበደው ራሱ ክብደቱ አሁን ወደ ውጭ እየሸሸ ሽቦውን ወጥሮ ይይዝልኛል።

ዙሩን ከለመድኩት በኋላ እጄን ወደ ላይ አዘነበልኩ። አፍንጫው ቀና፤ ሆዱን አሳየኝ፤ ከራሴ በላይ ተገለበጠ፤ አንድ አፍታ ሰማዩ ላይ ተገልብጦ የቆመ መሰለኝ፤ ከዚያ ወርዶ አውድማውን ሊነካ ሲደርስ እጄን መለስኩትና ቀጥ ብሎ ሄደ። ክብ ሠራ። አያቴ ማሻአላህ ሲሉ ይሰማኛል፤ ሞተሩ ዝም ያለ ስለሆነ እያንዳንዷ ቃል ትሰማለች። ወንድሜ ድገሚው አለኝ። ደገምኩት።

ባትሪውን ከባጃጁ እንደገና ሞልተን ስንሞክር፣ ጠርዙ ላይ ቆማ የምታየንን አክስቴን ጠራኋት። እኔ አልችልም፣ ሰበርሽው ትይኛለሽ እያለች ጫማዋን አውልቃ ገባች። እጀታውን አስያዝኳትና እጄን በእጇ ላይ አደረግኩ። እጇ ከእናቴ እጅ ይልቅ ሻካራ ነው። ዓይንሽን ከአውሮፕላኑ አትንቀይ፣ ሌላውን ካየሽ ይዞርብሻል አልኳት። አብረን ዞርን። መጀመሪያ ክንዷ እንደ እንጨት ነበር፤ ትንሽ ቆይቶ ላላ፤ ከዚያ እጄን ቀስ ብዬ አነሳሁት። አላወቀችም። ብቻዋን ሁለት ሦስት ዙር አበረረችው፤ ከንፈሯን ነክሳ፣ ዓይኗ እንደ ልጅ ተከፍቶ። ሞተሩ ጊዜው ደርሶ ሲጠፋ አውሮፕላኑ ያለ ድምፅ ተንሳፈፈና አረፈ፤ እሷ ግን ዞሮባት ኖሮ አውድማው ላይ ቁጭ አለች።

ስቃ እስክትጨርስ ጠበቅኳት። ከዚያ ልብሷን እያስተካከለች፣ እውነቱን ንገሪኝ፣ ከነዳጁ ይሄ ተሻለሽ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ደስ እንዲላት ብዬ አዎ ልላት ነበር። ግን ለሷ ልዋሽ አልፈለግኩም።

«አላውቅም» አልኳት። «ያኛውን አላበረርኩትም፤ ምን እንደሚመስል መቼም አላውቅም። ይሄኛውን ግን አወቅኩት።»

ራሷን ነቀነቀች፤ አልተከፋችም። ወንድሜ ባትሪውን አውጥቶ ዳበሰውና ትኩስ ነው፣ ካልበረደ አልሞላውም አለ። አራታችንም ጠርዙ ላይ ተቀመጥን። ባትሪው እስኪበርድ ስንጠብቅ፣ ቀኑም ለቀትር ተቃርቦ ነበርና፣ ከታች ያለው ጭስ ቀስ ብሎ ወደ አንድ በኩል ማዘንበል ጀመረ። አያቴ ቀና ብለው በምሥራቅ በኩል አዩ። ለዛሬ ይብቃሽ አሉኝ። ሽቦውን ጠቀለልኩና ተነሳን።